የፕላስቲክ ሳብርና የደብረ ዘይት ሰዎች

አዘጋጆቹ ከታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ የመረጥኩት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ስለ ፕላስቲክ አውሮፕላን ነውና። ታክሲ ነጂ ከሥራ ሲገባ እጁን የሚያፍታታበት ነገር ይፈልጋል። እኔም ፍሪስኮ ቤቴ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ የምገጣጥመው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይበርበት የነበረውን ኤፍ-86 ሳብር ነው። ሥራው ግን ከመዝናኛ አልፎ ወደ ታሪክ ጥያቄ አደረሰኝ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አውሮፕላኑ። ሳብር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ጥቅምት 1 ቀን 1947 ነው። ክንፎቹ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ የተጣሉ፣ ባለ አንድ ሞተርና ባለ ስድስት መትረየስ ጄት ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮርያ ተራሮች ሲዋጉ፣ በሰማይ ላይ ከሚግ-15 ጋር ይተናነቅ የነበረው ይኸው ሳብር ነበር። የሠራው ኩባንያ ኖርዝ አሜሪካን ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእኛው ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ሙስታንግ የተባለውን ተዋጊና ቴክሳን የተባለውን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ያመርት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከሠፈራችን ብዙም የራቀ አይደለም።

ኢትዮጵያ አሥራ አራት ሳብሮች የተረከበችው በ1960 ነው። በ1961 አራቱ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ወደ ኮንጎ ተላኩ፤ እዚያም ከስዊድንና ከህንድ ጄቶች ጎን ተሰለፉ። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ገና ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት ሰዓት ደብረ ዘይት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ በሌላ አፍሪካ አገር ሰማይ ላይ ጄት ያበር ነበር ማለት ነው።

በ1966 ኖርዝሮፕ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤፍ-5ኤ መጣ፤ በሰባዎቹ ደግሞ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ ተከተለ። ነገር ግን በ1977 መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ሲቀንስ፣ የታዘዙት ሁሉ ሳይደርሱ ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። አጋጣሚው የሚያስገርም ነበር፦ በሶቪየት ሚግ-17ና ሚግ-21 የሚበሩት ሶማሊያውያን፣ በአሜሪካ ጄት የምንበር እኛ፣ ሁለቱም ኃያላን ግን ወዳጅ እየቀየሩ ያሉበት ሰዓት።

የኤፍ-5 አብራሪዎች በዚያ ጦርነት የአየሩን የበላይነት እንደያዙ የታወቀ ነው። ከእነርሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ነው፤ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣለ በኋላ የራሱም ተመትቶ ተማረከ፤ በሶማሊያ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1988 ተፈታ። አብራሪው ስሙ ተጠራ፤ የሚገባውም ነው። ይሁን እንጂ መለዋወጫው በተቋረጠበት ጊዜ ሞተሩን ፈትቶ የገጠመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥይት የጫነው፣ በራዳር መስኮት ላይ ዓይኑን ተክሎ ያደረው ሰው ስሙ የት አለ?

ሞዴሉ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚያነሣ ላስረዳ። እኔ የያዝኩት መጠን አንድ አርባ ስምንተኛ ነው፤ የእውነተኛው አንድ ጫማ እዚህ ሩብ ኢንች ይሆናል። ስለዚህ ሳብር ርዝመቱ ከዘጠኝ ኢንች ትንሽ ይበልጣል፤ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው አብራሪ አንድ ኢንች ተኩል ነው። መጀመሪያ የአብራሪው ክፍል ይቀባል፤ ኋላ አካሉ ሲዘጋ እጅ አይገባምና። ከዚያ አፍንጫው ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ይጨመራል፤ ካልተጨመረ አውሮፕላኑ በፊት ጎማው ከመቆም ይልቅ በጭራው ቁጭ ይላል። ማጣበቂያው እንደ ተራ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን ግማሾች አንድ ያደርጋል። ስፌቱ በስቱኮ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የሳብር ገላ የብር ቀለም ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ ከሩቅ ይታያል።

ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሣጥኑ የሚወጡት ተለጣፊ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ የአሜሪካና የሌሎች አገሮች ናቸው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ራስህ መሥራት አለብህ። ያን ጊዜ ጥያቄው ይከተላል፦ ጭራው ላይ የነበረው ቁጥር ስንት ነው? ጽሑፉ በአማርኛ ነበር ወይስ በእንግሊዝኛ? የኮንጎው ነው ወይስ የደብረ ዘይቱ? መጽሐፍ ገልጬ ያገኘሁት ጥቂት ነው። አብልጦ የጠቀመኝ በኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አባት ናቸው፤ በወጣትነታቸው የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ። ሞዴሉን ሳሳያቸው በጣታቸው እየጠቆሙ፣ በየትኛው መክፈቻ ምን ይሠሩ እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩኝ። ፎቶግራፎቻቸው በጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ልጆቻቸው ግን ምንነታቸውን አልጠየቁም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ይህ ነው። በ1960 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል፤ በኦጋዴን ጦርነት ሃያ አምስት የነበረው ሰባውን ተሻግሯል። እዚሁ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ የሚገኘው የላክላንድ ጣቢያ የውጭ አገር ወታደሮች እንግሊዝኛ የሚማሩበት ነው፤ በዚያ ያለፈ ሰው ከመካከላችን ቢኖር አይገርመኝም። መንግሥት ሲለዋወጥ እነዚህ ሰዎች አንዴ የንጉሡ፣ አንዴ የደርግ እየተባሉ ዝም አሉ። ስለ ሥርዓቶቹ የየራሳችን ሐሳብ ይኑረን፤ የሙያተኛ ታሪክ ግን ከሥርዓት ጋር መቀበር የለበትም።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚመጣው አሥር ዓመት አንድ ሥራ እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። በወር አንድ እሑድ አረጋውያኑና ልጆቹ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ይገጣጥሙ፣ አረጋውያኑ ይናገሩ፣ አንዱ ወጣት ድምፃቸውን ይቅረጽ፣ ፎቶግራፎቹም ይገልበጡ። የፍሪስኮ ልጅ አያቱን «ታሪክ ንገረኝ» ቢለው ሽማግሌው ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል። «ይህ ጎማ እንዴት ይታጠፋል?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ጨዋታው እስከ ማታ አያልቅም።

የከርሞ ሰው ይበለን።