በጉበት ሲሮሲስ ሕሙማን ላይ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና

የጉበት ሲሮሲስ ያለበት ሰው ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ለሞትና ለሌሎች የጤና ችግሮች የመጋለጥ ዕድሉ ጤናማ ጉበት ካለው ሰው የሰፋ ነው። ሲሮሲስ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ጉበት በጠባሳ ሲሸፈን የሚከሰት ሲሆን፣ ዋና መነሻዎቹ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ አልኮል እና በጉበት ላይ የሚከማች ስብ ናቸው። አደጋውን በአብዛኛው የሚወስኑት የጉበቱ ቀሪ አቅም፣ ደምን ከአንጀት ወደ ጉበት በሚያደርሰው የፖርታል ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት እና ቀዶው በዕቅድ ወይም በድንገተኛ መደረጉ ነው።

የአደጋው መንስኤዎች

በማደንዘዣ ጊዜ የደም ግፊት ሲወርድ ወደ ጉበት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ የተዳከመ ጉበት ይህን መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። የፖርታል ግፊት ከፍ ሲል በሆድ ግድግዳ ላይ ያሉ ደም ሥሮች ስለሚያብጡ፣ ሐኪሙ ገና ቆዳውን ሲከፍት ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ከቀዶው በኋላ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት መድከም፣ ሆድ ውኃ መቋጠር እና ራስን እስከ መሳት የሚደርስ ግራ መጋባት ይታያሉ።

የአደጋ መለኪያዎች

በስፋት የሚሠራበት የቻይልድ–ፒዩ ምደባ ቢሊሩቢንን፣ አልቡሚንን፣ የደም መርጊያ ጊዜን፣ በሆድ የተቋጠረ ውኃን እና የአእምሮ መደናገርን ይመዝናል። ከ5 እስከ 6 ነጥብ ያገኘ ሕመምተኛ በምድብ ኤ፣ ከ7 እስከ 9 በምድብ ቢ፣ ከ10 እስከ 15 በምድብ ሲ ይመደባል።

የምደባው አመጣጥ በአንድ ሰው ስም ብቻ የሚጠራ አይደለም። ቻይልድ እና ተርኮት በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ቢሆንም፣ ዋንትዝ እና ፔይን በ1961 ተቀራራቢ የሦስት ምድብ አሠራር አቅርበው ነበር። የተዘጋጀውም የፖርታልን ደም ወደ ሌላ ደም ሥር ለሚያሻግር ቀዶ ሕክምና እንጂ ለሐሞት ጠጠር ወይም ለአንጀት አልነበረም። መስፈርቶቹ በሕክምና ልምድ የተመረጡ ይመስላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበረው የሕመምተኛው የአመጋገብ ሁኔታ በሐኪሙ ግምት የሚወሰን ነበር። ፒዩ እና ባልደረቦቹ በ1973 በለንደን፣ 38 ሕሙማንን ተመልክተው፣ ይህን መስፈርት በደም መርጊያ ጊዜ ተኩት።

በሆድ ቀዶ ሕክምና ላይ በ1984 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በምድብ ኤ 10፣ በቢ 31፣ በሲ 76 ከመቶ ሞት መዝግቧል፤ በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት 10፣ 30 እና 82 ከመቶ አግኝቷል። ሁለቱም የቆዩና ከ100 ያልበለጡ ሕሙማንን የያዙ በመሆናቸው፣ አሁን ላለው የተሻሻለ እንክብካቤ በቀጥታ ላይሠሩ ይችላሉ። ሜልድ የተባለው ሌላው መለኪያ ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ የጉበት ንቅለ ተከላ ተራ ለመወሰን አገልግሏል።

የእምብርት ሄርኒያ

ውኃ ከቋጠሩ የሲሮሲስ ሕሙማን 20 ከመቶ ያህሉ የእምብርት ሄርኒያ ይይዛቸዋል። ከውስጥ የሚገፋው ውኃ በእብጠቱ ላይ ያለውን ቆዳ ያሳሳዋል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ይጠቁራል፣ ይቆስላል፣ አልፎ አልፎም ይፈነዳና ውኃው ይፈስሳል። ፍላድ የተባለ ሐኪም በ1961 የገለጸው ይህ ክስተት የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን የሚያስከትል ከባድ አደጋ ነው።

ድሮ ሐኪሞች እስከ መጨረሻው መጠበቅን ይመርጡ ነበር። ዛሬ ግን የታነቀ ወይም የፈነዳ ሄርኒያን በድንገት መክፈት ይበልጥ አደገኛ በመሆኑ፣ ለተመረጡ ሕሙማን ውኃው በመድኃኒት ከተቀነሰ በኋላ በዕቅድ መጠገን ይመከራል። ሕመምተኛው የቆዳውን ቀለም መለወጥ ሳይንቅ ለሐኪሙ ቢያሳይ፣ ለዝግጅት የሚሆን ጊዜ ያገኛል።

የሐሞት ጠጠር

በሲሮሲስ ሕሙማን ላይ በብዛት ይታያል። በምድብ ኤ እና ቢ የሐሞት ከረጢቱን በላፓሮስኮፒ ማውጣት ይቻላል፤ በምድብ ሲ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አማራጭ ይፈለጋል።

በኢትዮጵያ

ሄፓታይተስ ቢ አንዱ ዋና መንስኤ ነው፤ ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ይገኛል። የአንጀት ቢልሃርዚያ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ግን የፖርታል ግፊት ያለ ሲሮሲስም ሊከሰት ይችላል። የጉበቱ አቅም ስለማይጎዳ ሕመምተኛው በነጥብ ምድብ ኤ ሊሆን ይችላል፤ ጣፊያው ግን ያበጠ፣ የሆዱ ደም ሥሮችም የተወጠሩ ናቸው። ስለዚህ ነጥቡ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ደም ላለመፍሰሱ ዋስትና አይሆንም፤ ከቀዶው በፊት ጣፊያንና ደም ሥሮችን በአልትራሳውንድ ማየት ያስፈልጋል።