የጥላ ጉዳት በፀሐይ ሰሌዳዎች አያያዝ ሲመዘን

ዛሬ በሻሸመኔ ዙሪያ በየገጠሩ የሚታየው የፀሐይ ሰሌዳ በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተተከለው 10.5 ኪሎዋት ጣቢያ ለ300 የገጠር ቤተሰቦች መብራት ሰጥቷል፤ በ1989ም የውኃ መሳቢያና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ወደ 30 ኪሎዋት አድጓል።

በዚያ ዘመን ባለ12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት የተለመደው ሰሌዳ 36 ያህል ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነበር። በተከታታይ መስመር የሚያልፈው ከረንት አንድ በመሆኑ፣ ቅጠል የሸፈነው አንድ ሴል የሌሎቹን ሁሉ ኃይል ያግታል፤ ራሱም ኃይል አመንጪነቱ ቀርቶ ኃይል በመብላት ይግላል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ከረንቱን በጎን የሚያሳልፈው ዳዮድ ነው። ሰሌዳዎች በትይዩ ሲያያዙ ግን ጥላ ያረፈበት የሚያጎድለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ጠቅላላው ከረንት ስለሚበዛ ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል።

ሻሸመኔ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ጥላ በበጋ ወደ ሰሜን፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በኅዳር ከጥላ ነጻ የነበረውን ሰሌዳ በስተሰሜኑ የቆመ ዛፍ በሰኔ ሊጋርደው ይችላል። እንግዲህ መሐንዲሱ ሽቦ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ የዓመቱን ጥላ መመርመር ይኖርበታል፤ መንደር ሙሉ በአንድ ጣቢያ ሲጠቀም የአንድ ዛፍ ጥላ የብዙ ቤቶች ጨለማ ሊሆን ይችላልና።