አቋራጭ ቁልፎች ከየት መጡ?

በአንድ ኮምፒውተር መጻፍ የለመደ ሰው ወደ ሌላ ዓይነት ሲዛወር እጁ ግራ ይጋባል። ለምን? ታሪኩን እንስማ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የአፕል ኩባንያ ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተር አወጣ። የአፕልን ቁልፍ ይዘው ኤክስን ሲጫኑ ጽሑፍ ይቆረጣል፤ በሲ ይቀዳል፤ በቪ ይለጠፋል። ፊደሎቹ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ግራ እጅ ሳይንከራተት ያገኛቸዋል።

ዊንዶውስ መጀመሪያ ሌላ መንገድ ነበረው፤ ለመለጠፍ የሚጫኑት ሺፍትና ኢንሰርትን ነበር። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ግን እነዚያኑ ፊደሎች ወሰደ፤ አብሮ የሚያዘው ቁልፍ ኮንትሮል ሆነ። በአፕል ኮማንድ ይባላል።

እንግዲህ ከዊንዶውስ ወደ አፕል የተዛወረ ሰው ከሀ ሁ አይጀምርም። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው አብሮ የሚያዘው ቁልፍ ነው። ዓይን ንባብን በልምምድ እንደሚያውቅ፣ እጅም ቁልፉን በልምምድ ያውቀዋል።