አራተኛዋ አበባ፦ ስለ ኤስቶኒያ የበጋ ዐውደ ርእዮች

ከሄልሲንኪ ታሊን በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በሐምሌ ወር አብረውኝ ከሚሳፈሩት ፊንላንዳውያን ብዙዎቹ ባዶ ጋሪ እየጎተቱ ይሄዱና ማታ በቢራና በቮድካ ካርቶን ሞልተውት ይመለሳሉ፤ መጠጥ ከባሕሩ ማዶ ይረክሳልና። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለሆንኩ የዚያን ጋሪ ፍጻሜ የማየው ከዓመታት በኋላ፣ አልጋ ላይ ነው። ነገሩ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ1925 ተመሥርቶ በሶቪየት ዘመን የጠፋው የኤስቶኒያ የባህል ፈንድ በ1994 እንደገና ሲቋቋም፣ ገቢው ከአልኮል፣ ከትምባሆና ከቁማር ግብር እንዲመጣ ተደነገገ። ያ ጋሪ ጎታች ሳያውቀው የሠዓሊያን ደጋፊ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምሻገረው ለሥዕል ነው። በዚያች 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ክረምቱ ረጅምና ጨለማ ነው፤ በሰኔ ግን ሌሊቱ በቅጡ ሳይጨልም ይነጋል። ከተሜው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ገጠር ይወጣል፤ ሥዕሉም ይከተለዋል። የእህል ጎተራው፣ የዓሣ መጋዘኑ፣ አሮጌው ምሽግ ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ጋለሪ ይሆናል።

ይህን ልማድ ያወቅሁት በስሕተት ነው። በ1989 በጋ የሌኒንግራድ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ኤስቶኒያዊ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ወደ ትውልድ ከተማው ጋበዘኝ። አክስቱ ሠዓሊ ነበረች፤ ዐውደ ርእይዋ በዚያ ሳምንት ይከፈት ነበር። የጉዞ ፈቃዴን አስፈርሜ ሄድኩ። በመክፈቻ ዕለት ለሠዓሊ አበባ መስጠት ወግ መሆኑን ጓደኛዬ ስለነገረኝ አራት ቀያይ ካርኔሽን ገዛሁ። በር ላይ የቆሙ አንዲት አሮጊት እጄን አዩ፤ ምንም ሳይናገሩ አንዷን አበባ መዝዘው በቦርሳቸው ከተቱና ሦስቱን መልሰው አስያዙኝ። እኔ የወሰድኩት እንደ ቀረጥ ነበር። በዚያ አገር ጎደሎ ቁጥር ለሕያው፣ ሙሉ ቁጥር ለሙት እንደሚሰጥ ጓደኛዬ የነገረኝ ማታ ነው። ለካስ ለምርቃት የለቅሶ አበባ ይዤ ኖሯል።

እኛ ዘንድ መክፈቻ ማለት የክብር እንግዳ፣ ሪባንና ረጅም ንግግር ነበር። እዚያ ግን ተናጋሪው ሁለት ደቂቃ ያህል ተናግሮ ዝም አለ። ሕዝቡም ዝም ብሎ ሥዕሉን አየ። ከዚያ ጥግ ላይ አንዱ በለሆሳስ መዝፈን ሲጀምር ክፍሉ ሁሉ ተቀበለው። ከአንድ ዓመት በፊት በታሊን የመዝሙር ሜዳ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ዘምሮ ነበር፤ ያ በጋ ሳያልቅ ደግሞ ነሐሴ 23 ቀን ከታሊን እስከ ቪልኒየስ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። በዚያች ጠባብ ክፍል ያየሁት የዚያው ነገር ትንሹ መልክ እንደ ነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ነገሩ ሥር ነበረው። በሶቪየት ዘመን ይፋዊ አዳራሾች በአርቲስቶች ማኅበርና በኮሚሽኖቹ እጅ ነበሩ። ስለዚህ ወጣቶቹ ሌላ ግድግዳ ፈለጉ። በ1969 ሌዎንሃርድ ላፒን፣ አንዶ ኬስክኩላና አንድሬስ ቶልትስ «ሱፕ 69» ያሉትን ዐውደ ርእይ በታሊን ፔጋሰስ ካፌ አሳዩ፤ ስሙ የአሜሪካዊውን የአንዲ ዋርሆልን የሾርባ ቆርቆሮዎች ያስታውሳል። በ1973 ደግሞ ሳኩ በምትባል ስፍራ የእርሻና የመሬት ማሻሻያ ምርምር ተቋም ተቀበላቸው። በታኅሣሥ 1975 ሐርኩ በሚገኘው የሙከራ ባዮሎጂ ተቋም «ዕቃዎችና ሐሳቦች» የሚል ንዑስ ርእስ የነበረው ዐውደ ርእይ ተካሄደ። በኤስቶኒያ የሥነ ጥበብ ታሪክ ይህ የሐርኩ ዝግጅት እስከ ዛሬ በተለየ ክብር ይነሣል።

ለምን የምርምር ተቋም? ይህን ጥያቄ በሐኪምነቴ ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ተቋሙ የራሱ አዳራሽ ነበረው፤ የሥዕል ኮሚሽን ግን አልነበረውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ያልተጠበቀ ነገር ሲፈልግ የሚውል ሰው፣ ግድግዳ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ቢያይ አይደነግጥም። እኛ ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ ድፍረት ያን ያህል የታደልን አይደለንም። በተማርኩበት ቤት ከመማሪያው መጽሐፍ ውጪ መጠየቅ ነጥብ ያስቀንስ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ቤቶቹ ባለቤት ተለዋወጡ። በ1838 የመጀመሪያው የመታጠቢያ ቤት ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የበጋ መዝናኛ በሆነችው በፓርኑ ከተማ፣ የፊልም ሠሪው ማርክ ሶሳር በ1992 የኮሚኒስት ፓርቲው ጽሕፈት ቤት በነበረው ሕንጻ «የቻፕሊን ማእከል» አቋቋመ፤ ኋላም የአዲስ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተባለ። በየበጋው ከሚያሳያቸው መካከል የታወቀው የራቁት ገላ ዐውደ ርእይ ነው። እውነቱን ለመናገር ካየኋቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ ደካማ ነበሩ፤ ገላን ማየት ሙያዬ ነውና እኔን ማታለል ይከብዳል። የፓርቲ ስብሰባ ይደረግበት በነበረ ክፍል ቤተ ሰብ አይስ ክሬም እየላሰ ሲዘዋወር ማየት ግን ራሱ ትርኢት ነበር።

በዚያው በ1992 ያን ቶሚክ የተባለው ሠዓሊ የገዛ ራሱን ዓይነ ምድር በብልቃጥ እየሞላ ከየዕለቱ የምግብ ዝርዝር ጋር አሳየ። እኛ በየላቦራቶሪው በነጻ የምንሰበስበውን! ይኸው ሰው ግን በ1995 በባልቲክ መርከብ የኋላ ሰገነት ላይ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ሲጨፍር የቀረጸውን ቪዲዮ ካየሁ ጀምሮ ይቅር ብዬዋለሁ። በየሐምሌው መርከቡ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

ሳሬማ ደሴት በሶቪየት ዘመን ያለ ፈቃድ የማይገባባት የድንበር ቀጠና ነበረች። በ1995 እና በ1997 በዋና ከተማዋ በኩሬሳሬ የዓለም ሠዓሊያን የተጠሩበት ቢየናሌ ተካሄደ፤ የሁለተኛው ርእስ «ወረራ» ነበር። ፈቃድ ሲጠየቅባት በኖረች ደሴት እንዲህ ያለ ርእስ መስጠት የኤስቶኒያውያን ቀልድ ነው፤ ሳይስቁ ይቀልዳሉ።

በ1919 የተመሠረተው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለራሱ የተሠራለትን ቤት፣ ኩሙን፣ ያገኘው በ2006 ነው። ቤቱ የቆመው ታላቁ ጴጥሮስ በ1718 ማሠራት በጀመረው በካድሪዮርግ ቤተ መንግሥት መናፈሻ አጠገብ ነው። ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣው አፍሪካዊው አብራም ሐኒባል፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ ከ1742 እስከ 1752 የዚችው ከተማ የጦር አዛዥ ነበር። ከሐማሴን ነው ወይስ ከካሜሩን አካባቢ የሚለው ክርክር አላበቃም፤ እኔም አልገባበትም።

ስደተኛ ለሆነ አንባቢ ግን ከሁሉ የምመክረው በሰሜን ጠረፍ ያለችውን የቪኒስቱን መንደር ነው። በ1920ዎቹ ፊንላንድ መጠጥ በከለከለች ጊዜ የቪኒስቱ ዓሣ አስጋሪዎች አልኮል በጀልባ በድብቅ ወደ ማዶ ያሻግሩ ነበር፤ የዛሬው ጋሪ የዚያ ታሪክ ልጅ ነው። በ1944 የሶቪየት ጦር ሲመለስ ከ70,000 በላይ ኤስቶኒያውያን ወደ ስዊድንና ወደ ጀርመን ሸሹ። በመንደሯ በ1942 የተወለደው ያን ማኒትስኪም በሕፃንነቱ ወደ ስዊድን ተወሰደ። አድጎ የአባ ሙዚቃ ቡድን የገንዘብ ኃላፊ ሆነ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም በ1992 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ በትውልድ መንደሩ የነበረውን የኅብረት እርሻ የዓሣ ፋብሪካ ለሰበሰባቸው የኤስቶኒያ ሥዕሎች ሙዚየም አደረገው። ሁለት ክብ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ተለዋዋጭ ትርኢት የሚታይባቸው ክፍሎች ሆነዋል። ውስጣቸው ሲሳል ድምፁ ይመለሳል።

እዚያ በቆምኩ ቁጥር የማስበው ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነው። በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ በኮሎኝ ተምሮ፣ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሞተ። በጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ አዲስ አበባ ገብተው በዩኒቨርሲቲው ሥር ስሙን የያዘ ማእከል ሲከፈት እርሱ ካረፈ ሩብ ምእት ዓመት አልፎ ነበር። ማኒትስኪ ሥዕሎቹን ሰቅሎ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ፤ የእኛው ሰው አልቆመም።

ሄልሲንኪ ባለው ቤቴ አንዲት ትንሽ የዘይት ቅብ አለች፤ በስደት ያረፈ ወዳጄ ሥራ ናት። ስሙ በየትም አልተጻፈም፤ ዐውደ ርእይም ከፍቶ አያውቅም። እዚህ የተወለደችው ልጄ ባለፈው ክረምት «አባዬ፣ ይቺ ሥዕል በኋላ የት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በኋላ ያለችው ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ከግድግዳው አወረድኳትና ጀርባዋ ላይ የሠዓሊውን ስምና የተወለደበትን ቀበሌ በእርሳስ ጻፍኩ። አማርኛ ስለማታነብ ከሥሩ በላቲን ፊደል ደገምኩት።