ከጉባኤ ቤት እስከ ፈተና ወረቀት፤ በጎጃም ስለ ተመረጡ ተማሪዎች

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ጥርጊያ ሳይወጣ፥ ፍኖተ ሰላምም ወጀት እየተባለች ስትጠራ፥ በዚያ አገር በእግሩ የሚሄደው ተማሪ ብዙ ነበር። ለምዱን ደርቦ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከወሎ፥ ከጎንደር፥ ከሸዋና ከትግራይ የሚመጣው ልጅ የሚጠይቀው የዋሸራን ወይም የጎንጅን መንገድ ነው። ሁለቱም በጎጃም ምድር ያሉ የቅኔ አገሮች ሲሆኑ፥ ከወሎው ዋድላ ጋራ ስማቸው አብሮ ይጠራል። ያገሩ ልጅ ደግሞ በአንጻሩ ወደ ሌላ አገር ይሰደዳል፤ በቤቱ አጠገብ የሚማር ልጅ ክረምት ሲገባ ሞፈር ያዝ፥ አዝመራ ሲደርስ ማጭድ ያዝ መባሉ አይቀርምና።

ጉባኤ ቤቱ ክፍያ አይጠይቅም፤ የመግቢያ ፈተናም የለውም። ባለጸጋ አባት ያለውም የሌለውም በየመንደሩ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ይህም ከማጣት ብቻ የመጣ ሳይሆን፥ የባለጸጋውን ልጅ ከድኻው ጋራ የሚያስተካክል የቆየ ሥርዐት ነበር። በዚህ ነገር ከጎጃም ጉባኤ ቤት የሚስተካከል ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምርጫው በደጁ ላይ ባይኖርም በውስጡ ነበረ። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ እስኪደርስ ድረስም ዓመታት ያልፋሉ። ቀን በየጥሻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱም በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ትናንት የነገረውን ዛሬ ሊደግመው አይችልም፤ አዲስ ማምጣት አለበት። ከብዙዎቹ ጀማሪዎች ለአስነጋሪነት የሚበቁት፥ ከዚያም አልፈው ወንበር የሚዘረጉት ጥቂቶች ናቸው። የጉባኤው ዝና የሚነገረው ግን በነዚሁ በጥቂቶቹ ነው። በረኃብ፥ በተስቦ ወይም በወላጅ ሞት ምክንያት ከመንገድ የቀረውን ማንም አይቈጥረውም።

ከደጁም ያልደረሰ አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን አገር ለአገር ዞራ፥ ለምና ለመማር አትችልም ነበርና የጉባኤ ቤት ተማሪ ማለት ወንድ ልጅ ማለት ሆኖ ቆየ። ዐይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔን ተምረው፥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ማስተማራቸው የታወቀ ነው፤ ስማቸውም ሴት ለቅኔ አትሆንም ለሚል ሁሉ መልስ ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን ቅኔውን ያገኙት ከመምህሩ ከአባታቸው ነው። መምህር የሆነ አባት በቤቷ ያልነበራት ልጅ ከማን ትማር?

በጥቅምት 1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩ ተገለበጠ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች፥ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ፤ ሴቶች ልጆች ግን የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስኪከፈት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጠበቁ። ጎጃም በዚህ አዲስ ቤት የገባችው በቅኔዋ ነው። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔያቸውን ይዘው በምኒልክ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስና በዲማ ጉባኤ ቤቶች ካለፉ በኋላ ነው በተፈሪ መኰንን የተማሩት። አዲሱ ትምህርት ቤት የነዚህን ሰዎች ብልሃት ለብቻው የኔ ሥራ ነው ቢል፥ የጎጃም የኔታዎች ሳይሟገቱት አይቀሩም ነበር።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት የጌዴዎን ጦር የተባለውን ጥቂት ሠራዊት ከአርበኞች ጋራ አስተባብሮ ጣሊያንን ከቡሬ ምሽግ አስለቀቀ፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለችው በማንኩሳም ውጊያ ሆነ። ዊንጌት በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስሙ ለትምህርት ቤት የተሰጠው ግን በቡሬ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው። ይህ ትምህርት ቤትና አስቀድሞ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማደሪያና ቀለብ እየሰጡ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡትን ይቀበሉ ነበር። በኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የቆመው የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት በዚሁ መንገድ ሄደ። በመካከለኛው ትምህርት ቤት ማብቂያ የሚሰጠው የ8ኛ ክፍል ፈተናም ለሁሉ ወንፊት ሆነ።

ፈተና ፊት አይቶ አያደላም ይባላል። መንገዱ ግን ያዳላል። የገጠሩ ልጅ ጥቂት ክፍል በመንደሩ ቢማር፥ ቀሪውን ለመማር ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ገብቶ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ከወላጆቹ ቤት በየጊዜው ስንቅ እየተሸከመ መኖር ነበረበት፤ አኮፋዳው ቀረ እንጂ የቆሎ ተማሪነቱ አልቀረም። ልጃገረዲቱን ደግሞ ያለ ዕድሜ የሚመጣ ጋብቻ ከመንገድ ያስቀራታል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በብዛት በአዲስ አበባ፥ በሸዋና በኤርትራ ስለ ነበሩ፥ ከዚያ የሚያልፈው ተማሪ መብዛቱ አያስደንቅም። እንግሊዞችም ዊንጌት በሞተበት ዓመት ባወጡት የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ክፍያ ቀርቶ፥ ልጆች በዐሥራ አንድ ዓመታቸው በፈተና እየተለዩ የበለጡት ወደ ግራመር ትምህርት ቤት ይገቡ ጀመር፤ ቆይቶ ሲመረመር ግን በዚያ የተገኘው የሠራተኛው ልጅ በአገሩ ካለው ብዛት ያነሰ ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ አገኙ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፥ መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በምስጋና ተጠሩ። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ በዚያ የሚደክመው መምህርም ይገባዋል። ነገር ግን ጎበዙን ከየወረዳው ለቅሞ የወሰደ ትምህርት ቤት ከመቶ መቶ ቢያሳልፍ፥ ጎበዙ የተወሰደበት የወረዳ ትምህርት ቤትም ባዶ እጁን ቢቀር፥ ሁለቱ ቍጥሮች የአንድ ምርጫ ሁለት ወገኖች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ተማሪዎችም ከፈተና ውጭ ሆነው ቆይተዋል፤ ሳይፈተን የቀረው ልጅም ከመቶ ይህን ያህል አለፈ፥ ይህን ያህል ወደቀ በሚለው ስሌት ውስጥ ስንኳ የለም።