ማከምና ማስታመም፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ስለ ቆየ አንድ ደዌ

በቋንቋችን «ማከም» እና «ማስታመም» የተባሉት ሁለት ቃላት ተቀራርበው ይነገሩ እንጂ ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። ሐኪም ያክማል፤ መድኃኒቱን ሰጥቶም ወደሚቀጥለው በሽተኛ ያልፋል። የሚያስታምም ግን ከሕመምተኛው ጋራ አብሮ ይሰነብታል፤ ያጥባል፥ ያበላል፥ ይመክራል። ደዌው ሥር ሰዶ ለዓመታት የሚቆይ በሆነ ጊዜ ዋናው ሸክም የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ይህም በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገራችን ታሪክ በግልጥ ይታያል።

ከሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ከአማን ጋራ ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች) እስከ ቴፒ ያለው አገር ዝናብ የማያጣው፥ ደኑ የጠና፥ ጅረቱ የበዛ ነው፤ ቡናውም በዚሁ ጥላ ሥር ይበቅላል። ነገር ግን በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚወርደው ፈጣን ውሃ ጥቁር ዝንብ የተባለችው ተናካሽ መራቢያ ነው። ዝንቢቱ የምትነድፈው በቀን፥ ገበሬው በማሳው፥ ለቃሚው በቡናው መካከል ሳለ ነው፤ በዚያውም ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ትል ታስተላልፋለች። በሽታው በኢትዮጵያ መኖሩን መጀመሪያ የገለጡት፥ በወረራው ዘመን፥ በ1931 ዓ.ም. ገደማ፥ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ የመረመሩ ጣሊያኖች ናቸው። ኋላም በበበቃና በቴፒ ታላላቅ የቡና እርሻዎች ሠራተኞች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ደዌው ተስፋፍቶ ተገኝቷል።

በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ዓይን ስላጠፋ «የወንዝ ዳር ዕውርነት» ይሉታል። በእኛ አገር ግን ይልቁን የሚጎዳው ቆዳን ነው። ታማሚው ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፤ ቆዳው ይሻክራል፥ ይወፍራል፤ ቅልጥሙም ቀለሙን በየቦታው እየጣለ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ይሆናል። እንዲህ ያደረ ሰው በማግሥቱ ስንት ቅርጫት ቡና ለመልቀም ጉልበት እንደሚኖረው አንባቢው ይገምት። ደዌው በመነካካት የማይጋባ ሆኖ ሳለ፥ ይጋባል ብሎ የሚሸሸው ሰው ደግሞ አይታጣም።

መድኃኒቱ የመጣው ከሩቅ ነው። ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ ከአገራቸው አፈር ካገኙት ረቂቅ ተሕዋስ፥ የአየርላንድ ተወላጁ ዊሊያም ካምቤል በአሜሪካ በመርክ ኩባንያ ባደረጉት ምርምር አይቨርሜክቲን ተገኘ። ሁለቱም በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ኩባንያው መድኃኒቱን ለዚህ በሽታ በነጻ ለመስጠት በ1980 ዓ.ም. ቃል ገብቶ ነበርና፥ በ1993 ዓ.ም. ገደማ በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለቦች ርዳታ በከፋና በሸካ መታደል ተጀመረ።

ነገሩ የከበደው ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው በቆዳ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ግልገል ትሎች ነው። እናቲቱ ትል ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ጥቂት ቆይታም መልሳ ትወልዳለች። ስለዚህ በየዓመቱ፥ በሽታው ጨርሶ እንዲጠፋ ከታሰበበት ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ የታመመውም ያልታመመውም ሊውጠው ያስፈልጋል። ከዋጡትም አንዳንዱ ትሎቹ ሲሞቱ ማሳከኩ ይብስበታል፥ ፊቱም ያብጣል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «መርዝ አበሉኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ የሚነግረው ማን ነው? ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነትን ሙያ ተምረው በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ሲያርፉ፥ ሙያው ለኢትዮጵያ ሴቶች ገና አዲስ ነበር። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ማስተማርን ከማከም እኩል የሙያው ክፍል ያደረገ ይህ አሳብ፥ በእኔ ግምት፥ ከብዙ ሕንጻ ይበልጣል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ከመንደሩ የተመረጡ አዳዮችም ረዷቸው።

አዳዩ በእጁ የሚይዘው ምልክት ያለበት ዘንግ ነው። ሚዛን በሚባል አገር መድኃኒቱ በሚዛን አይሰፈርም፤ ሰውየው ከዘንጉ አጠገብ ቆሞ እንደ ቁመቱ ከአንድ እስከ አራት እንክብል ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ሕፃናት ይቀራሉ። ወዲያው የሚሰጠው ምክር ከእንክብሉ የማያንስ ነው፤ ማሳከኩ በጥቂት ቀን እንደሚያልፍ፥ የተሻለውም ሰው በሚቀጥለው ዙር እንዳይቀር ይነገረዋል። በመተማ በኩል እንዲህ ተደጋግሞ ከታደለ በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዕደላውን ማቆም ተችሏል።

በቡናው አገር ግን አንድ ነገር ያስቸግራል። የለቀማው ወራት ሲደርስ ከደጋ ብዙ ሰው ለሥራ ይወርዳል። ዙሩ ካለፈ በኋላ የደረሰ ለቃሚ ስሙ በቀበሌው መዝገብ የለም፤ ዝንቢቱ በማትራባበት አገሩም መድኃኒቱ አይታደልም። ለቀማው ሲያበቃ ደመወዙን ተቀብሎ፥ የተነደፈ ገላውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማሳከኩ የሚጀምረው ከወራት በኋላ፥ በሽታውን የሚያውቅ ሰው በሌለበት መንደር ነው።