ተደራቢ ልክፈት

የእንስሳት ሐኪሞች «ሰከንደሪ ባክቴሪያል ኢንፌክሽን» የሚሉትን «ተደራቢ የባክቴሪያ ልክፈት» ብንለው ይሻላል። «ሁለተኛ ደረጃ» ከተባለ ትምህርት ቤት ያስመስለዋል፤ ቀለል ያለ በሽታም ይመስላል። የሥጋ ዶሮን ብዙ ጊዜ የሚጨርሳት ግን ይኸው በላይ የተደረበው ነው።

የዶሮ መተንፈሻ ቧንቧ ውስጡን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች አቧራና ተህዋስ ጠርገው ያስወጣሉ። እንደ ኢንፌክሽየስ ብሮንካይትስ ያለ ቫይረስ ሲገባ ያራግፋቸዋል። ያን ጊዜ ጉዝጓዙ ላይ ከኩስ ጋር የደረቀው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከአቧራው ጋር ይሳብና የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይሰፍራል። ዶሮ እንዲህ ያሉ 9 ከረጢቶች አሏት፤ በጤናቸው ስስና ብርሃን አሳላፊ ናቸው። የሞተችው ስትከፈት ግን ወፍረውና ደፍርሰው፣ የረጋ ቢጫ መግል ቋጥረው ይገኛሉ፤ ልቧና ጉበቷም እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነገር ለብሰዋል።

ፈንግል ለብቻው ነው። ኃይለኛው የፈንግል ቫይረስ አጋዥ ሳይሻ ቤቱን በቀናት ውስጥ ባዶ ያስቀራል። ለተደራቢው በር የሚከፍቱት ለዘብ ያሉት ናቸው፤ አንዳንዴም ራሱ ክትባቱ። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ላሶታ ሕያው፣ ለዘብተኛ ቫይረስ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ ጥቂት ቀን ማስነጠስ ያለ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ከሆነ ያልፋል። ደሴ ላይ ግን ብርዱ ሲጠና መስኮቱ በጆንያ ይጠቀጠቃል፤ የኩሱ አሞኒያ ታፍኖ ያድራል፤ እሱም እነዚያኑ ፀጉሮች ያሽመደምዳል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፤ ጫጩት በሚሞቅባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ግን እዚያም ይዘጋል። «ክትባቱ ገደለብኝ» የሚል አርቢ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ይቆጠቁጠው እንደሆነ ይይ።

አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም። የሚሠራው በተደራቢው ላይ ነው፤ ያውም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ካልተላመደ። የአየር ከረጢት ደግሞ የደም ሥሩ ጥቂት ስለሆነ መድኃኒት በበቂ አይደርሰውም። ኦክሲቴትራሳይክሊን በጥብጦ ከማጠጣት በፊት የታመሙትንና አዲስ የሞቱትን ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መውሰድ ይበልጣል፤ መድኃኒት ከቀመሰች ዶሮ ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት ያስቸግራል። የሥጋ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ ስለምትታረድም፣ መድኃኒቱ ከሥጋዋ እስኪወጣ መጠበቅ ያለበት ጊዜ በቀላሉ ከገበያው ቀን ጋር ይጋጫል።